ከቆጠራ የጠፋ ልጅ ሞቷል ይባላል? የጥንት አውስትራሊያ ሰፋሪዎች ልጆችና የሞት መዝገባቸው

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሆክስበሪ ወንዝ ዳር መሬት ይዘው የሰፈሩ ባልና ሚስት 6 ልጆች አስጠምቀዋል። ዊልያም በ1795፣ ሜሪ በማርች 1797፣ ሌላ ሜሪ በጁን 1798፣ ጆን በ1801፣ ቶማስ በ1803፣ ሣራ ደግሞ ‹የ2 ዓመት ልጅ› ተብላ በ1810። የቀብር መዝገብ ያገኘሁት ለጆን ብቻ ነው፤ 1804፣ ዕድሜ 3። በ1828ቱ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ዊልያምና ባል ያገባችው ሁለተኛዋ ሜሪ አሉ። የቀሩት ሦስቱ የሉም። በልጅነት የሞቱትን 1 ልበል ወይስ 4?»

ሁለቱንም አይበሉ። እስካሁን በያዙት ማስረጃ በልጅነታቸው ሞተዋል ሊባሉ የሚችሉት 2 ናቸው፤ ጆንና የመጀመሪያዋ ሜሪ። ቶማስና ሣራ «አይታወቅም» በሚለው ዓምድ ይቆያሉ። ከዚህ ሌላ በ1803 እና በ1808 መካከል ተወልዶ ሳይጠመቅ የሞተ ሰባተኛ ልጅ ሊኖር ይችላል። ጥያቄዎ ውስጥ አላነሱትም፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። (ዓመትና ወር ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በእጅዎ ያለው ወረቀት ምን ዓይነት እንደሆነ ከማወቅ እንጀምር። የመጀመሪያው የመርከብ ጓድ ግዞተኞችንና ጠባቂዎቻቸውን ይዞ ሲድኒ የገባው ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1856 ድረስ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ (ሲድኒ ያለችበት ቅኝ ግዛት ነው) መንግሥት ራሱ ልደትም ሞትም አይመዘግብም ነበር። መዝጋቢው ቄሱ ነው። ቄሱ ደግሞ የሚጽፈው እሱ የፈጸመውን ሥርዓት ነው፤ ማለትም ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን። የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ማርች 1 ቀን 1856 ነው። ሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች ቀድመው ጀምረዋል፤ ታዝማኒያ (ያኔ ቫን ዲመንስ ላንድ) በዲሴምበር 1838፣ ምዕራብ አውስትራሊያ በ1841፣ ደቡብ አውስትራሊያ በ1842፣ ቪክቶሪያ በ1853። ዛሬ በኢንተርኔት የሚፈለገው የኒው ሳውዝ ዌልስ ማውጫ ግን የቤተ ክርስቲያኑንም የመንግሥቱንም መዝገብ «ልደት» እና «ሞት» በሚሉ ሁለት ክፍሎች አንድ ላይ ከምሮ ስለሚያሳይ፣ 1804 የተቀበረ ልጅ የሞት የምስክር ወረቀት ያለው ይመስላል። የለውም። ያለው አንድ መስመር ነው፤ ስም፣ የተቀበረበት ቀን፣ አንዳንዴ ዕድሜ። የሞት ምክንያት አይጻፍም፤ የወላጅ ስምም ብዙ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጠየቀው «ሞቷል ወይ» ብቻ አይደለም። «በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ፣ ሊመዘግበው የሚችል ቄስ ነበር ወይ» የሚለው ይቀድማል። ለእርስዎ ቤተሰብ ይህ ወሳኝ ነው። ከጓዱ ጋር የመጣው ቄስ ሪቻርድ ጆንሰን በ1800 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ከ1794 ጀምሮ ፓራማታ (በሲድኒና በሆክስበሪ መካከል ያለ ከተማ) ተቀምጦ የነበረው ሳሙኤል ማርስደን በፌብሩዋሪ 1807 ወደ እንግሊዝ ሄዶ እስከ ፌብሩዋሪ 1810 አልተመለሰም። በመካከሉ የነበረው ሄንሪ ፉልተን፣ እሱም ከአየርላንድ በግዞት የመጣ ቄስ ነው፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1808 ገዥው ብላይ በወታደሮቹ ሲገለበጥ ከሥራው ታገደ። ዊልያም ካውፐር የደረሰው ኦገስት 1809 ነው። በዚህ ክፍተት የተወለዱ ልጆች ዘግይተው ይጠመቃሉ፤ ዘግይተው ለመጠመቅ ደግሞ በሕይወት መቆየት አለባቸው። ሣራ በ2 ዓመቷ በ1810 መጠመቋ ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል። እስኪጠመቁ ያልቆዩት ግን በየትኛውም መዝገብ የሉም።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቅ የጥምቀቱን ቀን ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። ለሲድኒ ይህ አይሠራም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቶሎ አስጠምቁ ትላለች እንጂ የተቆረጠ ቀን አልነበራትም፤ ሰፋሪዎቹም ቄስ ሲያገኙ ሁለትና ሦስት ልጅ በአንድ ቀን ያስጠምቁ ነበር። ዋናው መዝገብ ላይ የትውልድ ቀኑ ከጎን ተጽፎ ከተገኘ እሱን ይያዙ፤ ካልተገኘ የጥምቀቱን ቀን «ከዚህ በፊት ተወልዷል» ብለው ብቻ ያንብቡት።

ቦታውም የራሱ ችግር አለው። ሆክስበሪ ከ1794 ጀምሮ ሰው የሰፈረበት፣ ከሲድኒ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ የእርሻ አገር ነው። ሕፃን ሲሞት አባት እርሻው ጥግ ላይ ይቀብራል፤ ቄሱ ላይሰማ ይችላል። ገዥው ማኳሪ በዲሴምበር 1810 ዊንድሰርን፣ ሪችመንድንና ሌሎቹን ከተሞች ሰይሞ መቃብር ቦታ ካስከለለ በኋላ፣ በሜይ 1811 ሰፋሪዎች እርሻቸው ላይ መቅበር እንዲተዉ ያዘዘውም ልማዱ ሰፊ ስለነበር ነው። እንግዲህ ከ1811 በፊት ሆክስበሪ ላይ የቀብር መዝገብ አለመገኘቱ ስለ ልጁ መትረፍ የሚነግረን ነገር የለም።

አሁን ወደ ልጆቹ። ሁለቱን ሜሪዎች በተመለከተ መጀመሪያ ማረጋገጥ ያለብዎት ሁለት ልጆች መሆናቸውን ነው። ማውጫው ላይ ከ1856 በፊት ያለው ግቤት «ቪ» በሚል ፊደል የሚጀምር ቁጥርና የጥራዝ ምልክት አለው። አንድ ጥምቀት በዋናው መዝገብም በቅጂውም ስለተያዘ ሁለትና ሦስት ጊዜ በተለያየ ቁጥር ይመጣል። ከማውጫው ብቻ የሚቆጥር ሰው ልደቱንም ሞቱንም ሳያውቀው ያበዛል። የእርስዎ ሁለት ቀኖች በ15 ወር ስለሚራራቁ ቅጂ አይመስሉም፤ ቢሆንም የመዝገቡን ምስል በማይክሮፊልም ወይም በዲጂታል ቅጂ አይተው የትውልድ ቀኖቹን ያወዳድሩ። ያገባችው ሜሪ በኖቬምበር 1828 ቆጠራ ዕድሜዋ 30 ከተባለ የሁለተኛዋን ጥምቀት ይደግፋል፤ 31 ከተባለ ግን ብዙ አይጨነቁ፤ የዚያ ዘመን ዕድሜ በግምት ነው የሚነገረው።

ሁለት ከሆኑ የመጀመሪያዋ ሞታለች የሚያሰኙ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንዱ ስሙ ነው። በእንግሊዞቹ ልማድ ሟች ሕፃን ስሟን ለቀጣይዋ ታወርሳለች፤ ሁለት ልጆች በሕይወት ሳሉ አንድ ስም መያዛቸው በዚህ ዘመን እጅግ ብርቅ ነው። ሌላው፣ እኔ የበለጠ የማምነው፣ ክፍተቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የምታጠባ እናት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው የምትወልደው፤ ጡት ማጥባት እርግዝናን ያዘገያልና። እዚህ ክፍተቱ 15 ወር ነው። 9 ወር እርግዝና ሲቀነስ እናትየው ያረገዘችው የመጀመሪያዋ ሜሪ 6 ወር ገደማ ሳለች ነው፤ ይህ ማለት ማጥባት በዚያ አካባቢ ወይም ቀደም ብሎ ተቋርጧል። ስም ተደግሞ ክፍተቱም ካጠረ «ከማርች 1797 እስከ ጁን 1798 ባለው ጊዜ፣ ምናልባትም ገና በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሞታለች» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ከአጠገቡ ግን «በግምት» የሚል ምልክት ይኑር። ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ አልቆጥራትም ነበር። የመጀመሪያዋ ዘግይታ ተጠምቃ ከሆነ ክፍተቱ ይረዝማል፤ ያኔ ስሙ ብቻውን ይቀራል።

ጆን የተረጋገጠ ይመስላል፤ እሱም ግን መፈተሽ አለበት። ጆን የሚባል የ3 ዓመት ልጅ በዚያ ቅኝ ግዛት አንድ ብቻ አልነበረም። መዝገቡ «የእገሌ ልጅ» ይላል ወይስ ስም ብቻ? ዕድሜው 3 ዓመት ነው ወይስ 3 ወር ወይስ 3 ሳምንት? ማውጫ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ፊደል ይጥሏታል፤ በዚህም የ3 ሳምንት ሕፃን የ3 ዓመት ልጅ ይሆናል። የተቀበረውስ ፓራማታ ነው ወይስ ሲድኒ? የሆክስበሪ ልጅ ሲድኒ መቀበሩ ይገርማል፤ ፓራማታ ከሆነ ይበልጥ ያስኬዳል። ስለ መቃብር ድንጋይ ተስፋ አይጣሉ ለማለት ብወድም፣ የሕፃናት መቃብር ድንጋይ ያለው በጣም ጥቂት ነው። ፓራማታ የቅዱስ ዮሐንስ መቃብር ውስጥ የመጀመሪያው የታወቀ ቀብር የአንድ ግዞተኛ ልጅ ነው፤ በጃንዋሪ 1790። ጽሑፉ እስከ ዛሬ የሚታየው የመጀመሪያው መቃብር ግን በ1791 የሞተ ጎልማሳ ነው። ሲድኒ ላይ ከ1792 እስከ 1820 ያገለገለው የመቃብር ቦታ አሁን የከተማው አዳራሽ ቆሞበታል፤ ከ1820 ጀምሮ የተተካው ደግሞ በ1901 ለባቡር ጣቢያ ሲባል ተነሥቷል።

ቶማስ። የ1803 ልጅ በ1828 የ25 ዓመት ጎልማሳ ነው። ስለ ልጅነት ሞት ለሚያጠና ሰው 1828 ለቶማስ በጣም የዘገየ ቀን ነው፤ የሚያስፈልግዎ ከ5 ዓመቱ በኋላ የታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። በ1822 ቆጠራ ላይ የ19 ዓመት ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የትም ይሂድ የት የልጅነት ሞት ውስጥ አይገባም። የዚህ ዕድሜ ወንዶች ደግሞ ብዙ መሄጃ ነበራቸው፤ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳና ዓሣ ነባሪ ለማደን በመርከብ፣ መሬት ፍለጋ ወደ ቫን ዲመንስ ላንድ። ከቅኝ ግዛቱ የሚወጣ ሰው ዕዳ ጥሎ እንዳይሄድ ስሙን አስቀድሞ በሲድኒ ጋዜት ላይ ያሳውጅ ነበርና ይህ ጋዜጣ (ከማርች 1803 ጀምሮ የወጣ፣ ዛሬ ትሮቭ በተባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ የሚነበብ) ለወጣት ወንዶች ከቆጠራው ይልቅ ይጠቅማል። የቅኝ ግዛቱ ጸሐፊ ደብዳቤዎችም እስከ 1825 ድረስ በስም ተዘርዝረዋል፤ መሬት የጠየቀ፣ ከብት ከመንግሥት መንጋ የወሰደ፣ ምስክር የሆነ እዚያ ይገኛል።

ቤተሰቡ ወታደራዊ ባለመሆኑ ከአንድ ወጥመድ ድነዋል። የወታደር ልጆች ከሆኑ በ1810 የኒው ሳውዝ ዌልስ ኮር የተባለው ጦር፣ በ1814 ደግሞ 73ኛው ክፍለ ጦር ሲወጡ እዚያው የተወለዱ ልጆችን ከእናቶቻቸው ጋር ይዘው ሄደዋል። ከ1807 እስከ 1813 ባለው ጊዜ የኖርፎክ ደሴት ሰፋሪዎች ወደ ቫን ዲመንስ ላንድ ሲዛወሩም እንዲሁ። እነዚህን ሁሉ «ከመዝገብ ስለ ጠፉ ሞተዋል» ብሎ የደመረ ሰው በወረቀቱ ላይ የሌለ ወረርሽኝ ይፈጥራል።

ሣራ በ1828 20 ዓመቷ ነው፤ ካገባች በባሏ ስም ነው የተቆጠረችው። ከ1823 እስከ 1828 ያለውን የጋብቻ መዝገብ ያያሉ። ከዚያ ቆጠራው ላይ ስሟ ሣራ፣ ዕድሜዋ ከ18 እስከ 22፣ መደቧ «በቅኝ ግዛቱ የተወለደች» የሚል ምልክት ያለባትን ሁሉ አውጥተው አንድ በአንድ ያጣራሉ። ቆጠራው በጠቅላላ 36,598 ሰው ስለሆነ ይህ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ሳይጋቡ አብሮ መኖር የተለመደ ስለነበር ጋብቻ አለመገኘቱ አያስደነግጥዎ። ወላጆቿ ቀድመው ሞተው ከሆነ ደግሞ የሴት ልጆች ማሳደጊያውን መዝገብ ይመልከቱ፤ በ1801 ሲድኒ ላይ ተከፍቶ በ1818 ወደ ፓራማታ የተዛወረው ነው።

የስም አጻጻፍን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የሚናገረው ብዙ ጊዜ መጻፍ የማይችል ሰው ነው፤ የሚጽፈው ቄስ የሰማውን ነው። በለንደን ተራ ሕዝብ አነጋገር የ«ሀ» ድምፅ ከቃሉ መጀመሪያ ይዋጣል፤ «ሆል» የተባለው ቤተሰብ በሌላ ዓመት «ኦል» ሆኖ ይገኛል። ወላጆች ሳይጋቡ የተወለደ ልጅ በእናቱ ስም ተጠምቆ በአባቱ ስም ሊቀበር፣ እናቱ ሌላ ካገባች ደግሞ በእንጀራ አባቱ ስም ሊቀበር ይችላል። በሦስቱም ስም ይፈልጉ።

አሁን ወደ ሰባተኛው ልጅ። ከቶማስ (1803) እስከ ሣራ (1808) 5 ዓመት ነው። አባት ለረጅም ጊዜ ርቆ፣ እናት ታማ ወይም ፅንስ አስወርዷት ሊሆን ይችላል። ግን 1795፣ 1797፣ 1798፣ 1801፣ 1803 እያለች ስትወልድ ለኖረች እናት 5 ዓመት ረጅም ነው። የሚፈትሽበት መንገድ አለ። ማርስደን በ1806 በቅኝ ግዛቱ ያሉትን ሴቶች መዝግቦ እያንዳንዷ ያላትን ልጅ ቁጥር አስፍሯል። ማርስደን በቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ያልተጋባችውን ሁሉ ቁባት ብሎ ስለጻፈ፣ በእሱ ድምር 395 ያገቡ፣ 1,035 ቁባቶች፣ 807 ሕጋዊና 1,025 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች አሉ። በራሳቸው ሥርዓት የተጋቡ ካቶሊኮችም በዚህ ስድብ ውስጥ ገብተዋል፤ ፍርዱን ትተን ቁጥሩን እንውሰድ። በእርስዎ ግምት በ1806 በሕይወት መኖር ያለባቸው ዊልያም፣ ሁለተኛዋ ሜሪና ቶማስ ናቸው፤ 3። ዝርዝሩ 3 ካለ የሜሪ ሞት ተጠናከረ፣ ቶማስም ቢያንስ እስከ 3 ዓመቱ ደርሷል። 4 ካለ ያልተጠመቀ ልጅ አለ ወይም የመጀመሪያዋ ሜሪ አልሞተችም። 2 ካለ ቶማስ ራሱ አጠራጣሪ ይሆናል። አንድ ቁጥር ሦስት ጥያቄ ይመልሳል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ዝርዝር ያግኙ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ምንጭ ከ1856 በኋላ ያለው የወላጅ የሞት ሰርተፊኬት ነው። አዲሱ ሕግ ሰፊ ቅጽ ነው ያመጣው። የሞት ምክንያት፣ የሕመሙ ርዝመት፣ የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ አገርና በቅኝ ግዛቱ የቆዩበት ዘመን፣ የት እንዳገቡ፣ በመጨረሻም ልጆቻቸው ይጻፋሉ፤ በሕይወት ያሉት በስምና በዕድሜ፣ የሞቱት ብዙውን ጊዜ በቁጥርና በፆታ። የ1790ዎቹ እናት እስከ 1856 መኖሯ ብርቅ ነው፤ ዕድለኛ ከሆኑ ግን «የሞቱ፦ 2 ወንድ፣ 2 ሴት» የሚል መስመር የስልሳ ዓመት እንቆቅልሽ ይፈታል። ከ1810 በኋላ ለተወለዱ ልጆች እናቶች ይህ ምንጭ ዋናው ነው። ደካማ ጎኑ የሚናገረው ሰው ነው። አማች ወይም ጎረቤት ከሆነ በሕፃንነት የሞቱትን አያውቃቸውም። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ታች ወሰን ያንብቡት፤ ከዚህ ይበልጥ ሊሆን ይችላል፣ ሊያንስ ግን ይከብዳል።

ልጆቹ ታዝማኒያ ሄደው ከሆነ ከ1838 መጨረሻ ጀምሮ ምክንያትም ዕድሜም የያዘ መዝገብ አለ፤ ምስሉም በነፃ ይታያል። ግን የወላጅ ስም የለውም፤ ሥራ በሚለው ዓምድ ውስጥ «የሠራተኛ ልጅ» ወይም «የገበሬ ልጅ» ይላል። ሰሜኑ ክፍል፣ ላውንሰስተን አካባቢ፣ እስከ 1810ዎቹ መጨረሻ ቋሚ ቄስ ስላልነበረው የጥምቀቱ ክፍተት ከሆክስበሪም ይብሳል። ሆባርት ውስጥ በሴቶች እስር ቤት የተወለዱ ሕፃናት ጉዳይ ለብቻው ነው፤ ካስኬድስ በተባለው እስር ቤት የነበረው የሕፃናት እልቂት በ1838 የአስከሬን ምርመራ ችሎት ፊት እስከ መቅረብ ደርሷል። እነዚያን ከእርሻ ልጆች ጋር አንድ ላይ ደምረው አማካይ አያውጡ።

ስለ ሞት ምክንያት ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም የቁጥርዎ መልክ ትክክል መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። በ1788 እና በ1828 መካከል የተወለዱ የሰፋሪ ልጆች ከእንግሊዝ ከተማ ልጆች የሚለዩበት ትልቅ ነገር ኩፍኝና ትክትክ አለመኖራቸው ነው። የመጀመሪያው ጓድ 8 ወር በባሕር ላይ ነበር። ኩፍኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛመት ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ መርከብ ላይ ያሉት ጥቂት ያልታመሙ ልጆች ታመው ሲያልቁ መርከቡ ከመድረሱ በፊት ይከስማል። ቢደርስም በጥቂት ሺህ ሰው መካከል አይቆይም፤ ኩፍኝ ያለማቋረጥ ለመኖር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይፈልጋል። ትክትክ ግን ሳምንታት ይቆያል፤ በ1828 መጀመሪያ በመርከብ ገብቶ ብዙ ሕፃናትን ገደለ፤ የገዥው ዳርሊንግ ሕፃን ልጅም ከሟቾቹ አንዱ ነው። ኩፍኝ በ1834 እና 35 መጣ። ፈንጣጣ በ1789 በሲድኒ ዙሪያ የነበሩትን ነባር ሕዝቦች ሲፈጅ የሰፋሪዎቹን ልጆች አለመንካቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የላም ፈንጣጣ ክትባት ቅኝ ግዛቱ የደረሰው በ1804 ነው። የነባሮቹ ሕፃናት ሞት በእነዚህ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ውስጥ እንደሌለም ያስታውሱ፤ የሚያወጡት ቁጥር የአገሩ ሳይሆን የሰፋሪው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከ1828 በፊት ያለው የልጆች ሞት በአንድ ወር የተከመረ ሆኖ ካገኙት ይጠራጠሩ፤ ወይ ቄሱ የከረመ መዝገብ በአንድ ቀን ገልብጦ ነው፣ ወይ እርስዎ ቅጂ ደግመው ቆጥረዋል። የሚጠበቀው ሌላ መልክ ነው። ከዲሴምበር እስከ ማርች፣ ማለትም በእነሱ በጋ፣ ጡት የጣሉ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ፤ ሲድኒ ከተማ ታንክ ስትሪም የተባለውን የቆሸሸ ጅረት እስከ 1826 ትጠጣ ስለነበር ከእርሻው አገር ይልቅ እዚያ ይበዛል። መራመድ የጀመሩት ደግሞ በአደጋ ይሞታሉ። ልብሳቸው በምድጃ እሳት ይያያዛል፣ የፈላ ውኃ ይገለበጥባቸዋል፣ ጉድጓድና ወንዝ ውስጥ ይሰምጣሉ። እነዚህ በቀብር መዝገብ ባይገኙም ጋዜጣው ላይ ወይም በአስከሬን ምርመራ መዝገብ ይገኛሉ። ለኒው ሳውዝ ዌልስ የምርመራው ተከታታይ መዝገብ ያለው ከ1834 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የተበታተነ ነው። ከ1856 በኋላ «ጥርስ ማብቀል»፣ «መንፈራገጥ»፣ «ድካም» የሚሉ የሞት ምክንያቶች ሲያገኙ እንደ በሽታ ስም አይውሰዷቸው። ጥርስ ማብቀል ሕፃኑ የሞተበትን ዕድሜ ይነግርዎታል፤ ገዳዩ በአብዛኛው ተቅማጥ ነው።

አሁን ስሌቱ። ጥናትዎ ብዙ ቤተሰብ የሚያካትት ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ በኤክሴል አንድ መስመር ይስጡ፦ የተወለደበት ቀን፣ የተጠመቀበት ቀን፣ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀንና ምንጩ፣ የሞተበት ቀንና ምንጩ፣ የማስረጃው ደረጃ። «ሀ» ወላጁ የተጠቀሰበት ቀብር፣ «ለ» ወላጅ የሌለው ግን ስም፣ ዕድሜና ቦታ የገጠመ ቀብር፣ «ሐ» ከስምና ከክፍተት የተገመተ። ከዚያ የጠፉትን እንደ ሞቱም እንደ ኖሩም ሳይሆን፣ እስከ ታዩበት ቀን ብቻ እንደ ተከታተሏቸው ይቁጠሩ። ለምሳሌ ያህል 100 የተጠመቁ ልጆች አሉ እንበል፤ በመጀመሪያው ዓመት 9 ሞታቸው ታውቋል፣ 6 ጠፍተዋል። የጠፉት ሁሉ ኖረዋል ካሉ 9 ከመቶ፣ ሁሉም ሞተዋል ካሉ 15 ከመቶ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር የጠፉትን በአማካይ ለግማሽ ዓመት እንደታዩ አድርጎ ከ100 ላይ 3 መቀነስ ነው፤ 9 ለ97 ሲካፈል 9.3 ከመቶ ይመጣል። ሦስቱንም ቁጥር ያትሙ። 9.3 ብቻውን ሲቆም የሌለውን እርግጠኝነት ያስመስላል።

ይህ ግን ከጥምቀት በፊት የሞቱትን አይመልስም። ክትትሉን ከልደት ቀን ከጀመሩ ልጁ እስኪጠመቅ ያለው ጊዜ ማንም ሊሞትበት የማይችል ጊዜ ሆኖ ይገባና ሞቱን ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ ከተጠመቀበት ዕድሜ ጀምሮ ብቻ ያስገቡት፤ ሣራ ወደ ስሌቱ የምትገባው በ2 ዓመቷ ነው፣ ስለ መጀመሪያ ዓመት ሞት ምንም አትመሰክርም። በዚያ ዘመን ከነበሩ ሕዝቦች የሕፃናት ሞት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው በመጀመሪያው ወር ስለነበር፣ የእርስዎ ልጆች መካከለኛ የጥምቀት ዕድሜ ከአንድ ወር በላይ ከሆነ ያገኙትን ቁጥር «የሕፃናት ሞት መጠን» ብለው አይሰይሙት። «ከተጠመቁ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የሞቱ» ይበሉት። በ1901 መላው አውስትራሊያ፣ ሞት ሁሉ በሚመዘገብበት ዘመን፣ በ1,000 ልደት 104 ገደማ ሕፃናት ይሞቱ ነበር። ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በሆክስበሪ 50 ወይም 60 ከወጣልዎ፣ አየሩ ጤናማ ስለነበር ነው ከማለትዎ በፊት መዝገብዎን ይመርምሩ።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቁኝ፦ የ1806ን ዝርዝር፣ ከዚያ የጆንን ቀብርና የሁለቱን ሜሪዎች ጥምቀት በመዝገቡ ምስል፣ ከዚያ ቶማስን በ1822። ሣራ መጨረሻ ትሁን፤ ከተጠመቀች በኋላ ያለው ዘመን ቄስም መቃብርም ዊንድሰር ላይ የነበረበት ነውና፣ ከ1810 እስከ 1823 ያለው የዊንድሰር የቅዱስ ማቴዎስ የቀብር መዝገብ ላይ ከሌለች መትረፏ ከቶማስ ይልቅ ያመዝናል። ሰርተፊኬት ለማዘዝ ገንዘብ አያውጡ፤ ከ1856 በፊት ላለ ቀብር የሚሰጥዎ ያንኑ አንድ መስመር በማኅተም ነው።